ስንዴ ለማይስማማው ልጅ የሶዳ ዳቦ

ባለፈው ረመዳን እህቴ ዘንድ ለኢፍጣር ተጠርተን ነበር። የ9 ዓመት ልጇ ሳምቡሳውንና ድፎውን በዓይኑ ብቻ እያየ፣ ተምሩን በልቶ ሾርባውን ይጠጣል። ሲሊያክ የተባለ በሽታ እንዳለበት ሐኪም ከነገራቸው ገና ጥቂት ወር ቢሆነው ነው። ሌሊቱን ሆዱ ተነፍቶ ሲሰቃይ አደረ። ለካስ ሾርባው የገብስ ኖሯል!

ለመሆኑ ሲሊያክ ምንድን ነው? በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚሉት ፕሮቲን አለ፤ ሊጥ ሲታሽ እንዲለጠጥ የሚያደርገው እሱ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ የገዛ አንጀቱን ስለሚጎዳ ምግቡ በወጉ አይዋሃደውም። ልጅ ሲሆን ያስቀምጠዋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ደም ያንሰዋል፣ እድገቱም ይጓተታል። ጥፋተኛው ስንዴ መሆኑን ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲከ በ1950 (እ.ኤ.አ.) ባቀረቡት የምርምር ጽሑፍ አሳይተዋል። ሕክምናው ዛሬም ቢሆን ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። ነገር ግን ልጃችሁን የጠረጠራችሁ ወላጆች፣ ስንዴውን ከማስቀረታችሁ በፊት አስመርምሩት፤ ካቆመ በኋላ የደም ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል።

“ጤፍ እያለልን ምን ያሳስባል?” ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ሩዝም የላቸውም። ችግሩ ያለው ወፍጮ ቤት ነው። እህቴ ልጁን በጤፍ እንጀራ ብቻ ስትመግበው ከርማ አልሻለው ብሎ ግራ ገብቷት ነበር። ጤፏ የሚፈጨው ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ መሆኑን ያስተዋለችው ዘግይታ ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ “ከግሉተን ነጻ” ለሚባል ምግብ የሚፈቅደው በኪሎ ቢበዛ 20 ሚሊግራም ነው። በ20 ኪሎ ጤፍ ውስጥ አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት ቢገባ ከዚህ ልክ ብዙ እጥፍ ያልፋል። አሁን ጤፉን ለቅማ ለእሱ ብቻ በለየችው ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ ቤቷ ትፈጫለች። ወንፊቱም ሳፋውም ለብቻ ነው።

ዳቦውን ያገኘነው ከአየርላንድ ሙያ ነው። እነሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለመዱት የሶዳ ዳቦ የስንዴ ቢሆንም እርሾ አይገባበትም፤ ሶዳው ከአሬራው ኮምጣጣነት ጋር ሲገናኝ ወዲያው አየር ይፈጥርና ሊጡን ይነፋዋል። ግሉተን የሌለው ሊጥ አየር ይዞ ለሰዓታት መቆየት ስለማይችል ይህ ዘዴ ይስማማዋል።

2 ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ 1 ኩባያ የሩዝ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አብራችሁ ንፉ። ሶዳው እንዳይበዛ፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ5 ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ እስኪያዝ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ በግሉተን ፈንታ ሊጡን የሚይዘው እሱ ነው። ተልባውን፣ 1 እንቁላል፣ 1 ማንኪያ ዘይትና 1 ኩባያ ተኩል አሬራ ጨምራችሁ አዋህዱ። አሬራ ከሌለ በዚያው ልክ ወተት ላይ 1 ማንኪያ ተኩል የሎሚ ጭማቂ አድርጉ። ሊጡ አይታሽም፤ ከዳቦ ሊጥ ቀጥኖ ከእንጀራ ሊጥ ይወፍራል። ሳታቆዩ ቅባት በተቀባ መጋገሪያ ገልብጣችሁ፣ ቀድሞ በ200 ዲግሪ በጋለ ምድጃ 45 ደቂቃ ያህል ጋግሩ። ምድጃ የሌላችሁ በወፍራም ድስት ኮባ አንጥፋችሁ እንደ ድፎ ከላይም ከታችም እሳት ስጡት። በጣም ሳይበርድ እንዳትቆርሱት፤ ውስጡ ይሙለጨለጫል። እኛ የመጀመሪያውን በትኩሱ ቆርሰን አበላሽተነዋል።

ልጁ አሁን የራሱን ዳቦ በማር ይበላል። ሳምቡሳው ግን አልሆነልንም፤ የጤፍ ሊጥ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። የተሳካላችሁ እህቶች ካላችሁ ጻፉልን፣ ኢንሻአላህ ለሚመጣው ረመዳን እንሞክረዋለን።