በረዶ የማይገድለው የእርጎ እርሾ

በኅዳር ወር ማለዳ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው ደጋ ከቤቱ የወጣ ሰው ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያገኘዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና ይህ አያስደንቅም። ውርጭ የመታው የባቄላ ቅጠል ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል። ታዲያ ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ባክቴርያዎች ከዚህ እጅግ በሚበልጥ ብርድ ኖረው፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ነቅተው ሥራቸውን የሚጀምሩት እንዴት ነው?

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ገዳዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ዋናው ገዳይ ብርዱ ሳይሆን በረዶ የሚሆነው ውኃ ነው። በዝግታ ሲቀዘቅዝ በረዶው መጀመሪያ የሚሠራው ከባክቴርያው ውጭ ነው። ንጹሑ ውኃ በረዶ ሲሆን ጨዉ ሁሉ በቀረው ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ ይከማቻል፤ ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ ውኃውን እንደሚለቅ ሁሉ ባክቴርያውም ውኃውን እየለቀቀ ይጨማደዳል። በረዶ በውስጡ ከሠራ ደግሞ ስለቱ ስስ ሽፋኑን ይቀደዋል።

ከዚህ የሚተርፈው አስቀድሞ የተዘጋጀው ነው። አንደኛው ዝግጅት የራሱ ነው። በደጋ ብርድ ቅቤ ሲጠጥር የኑግ ዘይት ፈሳሽ እንደ ሆነ ይቀራል። የባክቴርያውም ሽፋን ከስብ የተሠራ ስለሆነ፥ ቅዝቃዜው ቀስ በቀስ ከመጣበት ስቡን እንደ ዘይት እንዲለሰልስ አድርጎ ይለውጠዋል፤ ብርድን የሚቋቋሙ ፕሮቲኖችንም ይሠራል።

ሁለተኛው ዝግጅት ሰው የሚያደርግለት ነው። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት፤ የላቦራቶሪ ሰዎችም ለባክቴርያው የሚያለብሱት ብርድ ልብስ አላቸው። ይኸውም ቅባቱ የወጣለት ወተት፥ ስኳር ወይም ግሊሰሪን ነው። እነዚህ ትልልቅ በረዶ እንዳይሠራ ይከለክላሉ፤ ስኳሩም ሽፋኑን ደግፎ ይይዛል። እንዲህ የለበሰው ባክቴርያ፥ የከብት አዳቃዮች የኮርማ ዘር ይዘው በየገጠሩ በሚዞሩበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ወይም በረዶ ከሆነ በኋላ አየሩ በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ በረዶው ሳይቀልጥ እንዲተን ይደረግና ደረቅ ዱቄት ይሆናል።

ይህ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? በአገራችን እናቶች ወተቱን በወይራ በታጠነ ዕቃ ያረጉታል፤ ሥራውንም ከወተቱና ከዕቃው የሚገኙት ባክቴርያዎች ይሠሩታል። ነገር ግን ጥሬ ወተት የቲቢና የብሩሴሎሲስ በሽታ ከከብት ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሐኪሞች አፍሉት ይላሉ። ሲፈላ ደግሞ ወዳጁም ከጠላቱ ጋር ይሞታል፤ ስለዚህ እርጎ እንዲሆን እርሾ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ከእናት ቤት ርቃችሁ በኪራይ ክፍል የምትኖሩ ተማሪዎችና ሠራተኞች፥ ፍሪጅ ካላችሁ እርሾውን ማቆየት ትችላላችሁ። ከፈላ ወተት የተሠራ ጥሩ እርጎ ስታገኙ ጥቂት ጥቂቱን በንጹሕ ትንንሽ ዕቃ ክፈሉ። መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ በማግሥቱ ወደ ፍሪዘሩ አስገቡት። ወተቱ ራሱ ብርድ ልብስ ይሆንለታል። የቤት ፍሪዘር ቀስ ብሎ የሚያበርድ ስለሆነ ከባክቴርያዎቹ ብዙዎች ይሞታሉ፤ ቢሆንም ለጥቂት ሳምንታት ለእርሾ የሚበቃ ይተርፋል። ሲያስፈልጋችሁ ፈልቶ ለብ ባለ ወተት ላይ ጨምሩት።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ብርድ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ወተት የእርጎውን ባክቴርያ እንደሚሸፍን የብሩሴሎሲስንም ይሸፍናል፤ እርሱም በረዶ ውስጥ ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ፍሪዘር የገባ ጥሬ ወተት የነጻ አይምሰላችሁ። በረዶ ያቆያል እንጂ አያነጻም፤ የሚያነጻው እሳት ነው።