ስለ «ወረፋው» ተረትና ስለ ስደተኛው እውነት

በሜልበርን ከተማ፥ ከፉትስክሬይ ቡና ቤቶች ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና እስከ መረዳጃ ማኅበሩ ስብሰባ ድረስ፥ ኢትዮጵያውያን ባሉበት ሁሉ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ንግግር አለ። «እኛ በሕግ ነው የመጣነው፤ ወረፋችንን ጠብቀን ነው። በጀልባ የሚመጡት ግን ወረፋ ጥሰው ነው፤ መንግሥት ቢያስራቸው ምን ይፈረድበታል?» ይባላል። ይህን የሚናገረው የነጭ የበላይነት ሰባኪ ቢሆን ኖሮ ባላስደነቀን ነበር። የሚናገረው ግን ትናንት ራሱ ስደተኛ የነበረ፥ በካርቱም ጎዳና ፖሊስ ባየ ቁጥር ይሸሸግ የነበረ ወገናችን ነው። ይባስ ብሎም በተማሪ ቪዛ በአውሮፕላን የመጣነው እኛ፥ የተማርን ነን የምንለው፥ ይህንኑ ተቀብለን እንደግመዋለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወረፋ የሚባል ነገር እንደሌለ፥ ተረቱን ማን እንደ ፈጠረውና ማንን እንደሚጠቅም፥ እኛም ስንደግመው በገዛ ራሳችን ላይ እንደምንመሰክር ማሳየት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «በሕግ» የሚለውን ቃል እንመርምር። በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሰብዓዊ መብቶችን ዓለም አቀፍ መግለጫ ሲያጸድቅ የጉባኤው ፕሬዚዳንት የአውስትራሊያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኸርበርት ኢቫት ነበሩ። የመግለጫው 14ኛ አንቀጽ ከአሳዳጅ የሸሸ ሰው ሁሉ በሌላ አገር ጥገኝነት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። በ1951 የወጣውን የስደተኞች ስምምነት ደግሞ አውስትራሊያ በ1954 ተቀብላለች። የዚህ ስምምነት 31ኛ አንቀጽ፥ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ከወደቀበት አገር በቀጥታ የመጣ ስደተኛ፥ ሳይዘገይ ለባለ ሥልጣን ቀርቦ ምክንያቱን እስካስረዳ ድረስ ያለ ፈቃድ ስለ ገባ ብቻ እንዳይቀጣ ያዛል። ስምምነቱን ያረቀቁት ሰዎች ከናዚ የሸሹትን በዓይናቸው ያዩ ስለ ነበሩ፥ የሚሳደድ ሰው ከአሳዳጁ ቢሮ የመውጫ ወረቀት ሊያመጣ እንደማይችል ያውቁ ነበር። እንግዲህ በጀልባ መጥቶ «አስጠጉኝ» ያለው ሰው ሕግ አልጣሰም። ሕግ የጣሰው ፈርሞ የካደው ነው።

ደግሞስ የአውስትራሊያ በር ማን የሠራው በር ነው? በ1901 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ «ጥቁርና ቢጫ አይግባ» ብሎ በግልጽ አልጻፈም፤ በዚያ ፈንታ የቃል ጽሕፈት ፈተና አቆመ። መኰንኑ ከአውሮፓ ቋንቋዎች በመረጠው 50 ቃል ያነባል፤ መጤው ይጽፋል፤ ካልጻፈ ይመለሳል። በ1934 ኤጎን ኪሽ የተባለ የቼክ ደራሲ ፋሺዝምን በመቃወም ሊናገር ሲመጣ ከመርከብ እንዳይወርድ ተከለከለ። በሜልበርን ወደብ ከመርከቡ ዘሎ እግሩ ተሰበረ። ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ፥ ሲድኒ ሲደርስ የፈተኑት በስኮትላንድ ጌሊክ ነበር! ከፍተኛው ፍርድ ቤት እንኳ ይህን ሊቀበል አልቻለም። ፈተናው እስከ 1958 ቆየ፤ «ነጭ አውስትራሊያ» የተባለው ፖሊሲ በመጨረሻ የተሻረውም በ1973 ነው። ዛሬ «ሕጋዊ በር» እያልን የምንሰግድለት በር ትናንት ለእኛ ዓይነት ሰው እንዲዘጋ ሆኖ የተሠራ በር ነው።

ፈተናው ቢሻርም የመዝጋቱ ልማድ አልሞተም። በ1992 ያለ ቪዛ በጀልባ የገባን ሰው ማሰር በሕግ ተደነገገ። በነሐሴ 2001 ታምፓ የተባለው የኖርዌይ መርከብ ከባሕር ያዳናቸውን 433 ሰዎች ይዞ ቢመጣ ወታደር ተላከበት፤ ሰዎቹም ወደ ናውሩና ወደ ኒው ዚላንድ ተወሰዱ። ሐምሌ 19 ቀን 2013 ደግሞ ያለ ቪዛ በጀልባ የሚመጣ ሰው በአውስትራሊያ ከቶ እንደማይሰፍር ታወጀ። ሰዎቹ በናውሩና በፓፑዋ ኒው ጊኒ በምትገኘው በማኑስ ደሴት ታጎሩ። የፓፑዋ ኒው ጊኒ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 የማኑሱ እስር ከሕገ መንግሥት ውጭ ነው ብሎ ፈረደ። ድሀይቱ አገር ለሀብታሚቱ አገር ሕግ አስተማረች።

ይህ ሁሉ በሩቅ ደሴት የሆነ ነው እንዳንል የሜልበርኑን እንመልከት። ቤህሩዝ ቡቻኒ የተባለው ኩርዳዊ ጋዜጠኛ በማኑስ ታስሮ ሳለ በእጅ ስልኩ በፋርስኛ እየጻፈ ቁርጥራጩን ወደ ውጭ በመላክ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በጥር 2019 በሜልበርን የቪክቶሪያን ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ ደራሲው ወደ ሽልማቱ አዳራሽ መግባት አልተፈቀደለትም። ለሕክምና ተብለው ከደሴቶቹ የመጡ ሌሎች ስደተኞች ደግሞ ከሜልበርን ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፥ በካርልተን በሚገኘው ፓርክ ሆቴል ተቆልፎባቸው ኖሩ። ከእነርሱ መካከል በጠቅላላው ዘጠኝ ዓመት የታሰሩ ነበሩ። አንድም ፍርድ ቤት በወንጀል አልፈረደባቸውም። እኛ መጽሐፍ ታቅፈን በመስኮታቸው ሥር እናልፍ ነበር። በጥር 2022 ስመ ጥሩው የቴኒስ ተጫዋች ኖቫክ ጆኮቪች በቪዛ ክርክር ለጥቂት ቀን እዚያው ሲያዝ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ በሆቴሉ በር ተሰበሰበ፤ ለስደተኞቹ ግን በሩ የተከፈተው በሚያዝያ ነው። በኅዳር 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወደ የትም ሊባረር የማይችልን ሰው ያለ ገደብ ማሰር ሕገ ወጥ ነው ብሎ የ2004 ውሳኔውን ሻረ። ያለፈውን ዕድሜ ግን የሚመልስ ፍርድ ቤት የለም።

አሁን ወደ «ወረፋው» እንምጣ። ወረፋ ማለት የቀደመ የሚቀድምበት፥ የቆየ የሚደርስበት ሥርዓት ነው። ከዓለም ስደተኞች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሰፍሩት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የሚመረጡትም በተራቸው አይደለም፤ ተቀባዩ መንግሥት በዚያ ዓመት በሚፈልገው አገር፥ በሚፈልገው ዓይነትና በሚፈልገው ቁጥር ነው። ሃያ ዓመት የጠበቀ ይቀራል፤ ሁለት ዓመት የጠበቀ ይሄዳል። ይህ ሎተሪ ነው እንጂ ወረፋ አይደለም። ለብዙው ስደተኛ «ወረፋህን ጠብቅ» ማለት ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ነው።

ታዲያ በጀልባ የመጣው ሰው በካርቱም ወይም በናይሮቢ የምትጠብቀውን እኅታችንን ቦታ ወሰደባት የሚባለው ከየት መጣ? ከመዝገብ አያያዝ ነው። በ1996 መንግሥት ከውጭ ተመርጠው የሚመጡትንና አገር ውስጥ ገብተው ጥገኝነት ያገኙትን በአንድ ኮታ አሰራቸው፤ እዚህ አንድ ሰው በተፈቀደለት ቁጥር እዚያ አንድ ቦታ እንዲቀነስ ተደረገ። ይህን የሚያዝ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም፤ በብዕር የታሰረ ነው፥ በብዕርም ይፈታል። ውጤቱ ግን ምንድን ነው? እኅቱን የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ ኮታውን ባጠበበው ሚኒስትር ላይ በመቆጣት ፈንታ፥ ከታሊባን በሸሸው ሐዛራና ከስሪ ላንካ ጦርነት በተረፈው ታሚል ላይ ጥርሱን ነከሰ። ከፋፍለህ ግዛ ማለት ይህ ነው፤ ወገኖቻችንም ሳያውቁት የዚህ ሥራ ሎሌዎች ሆነዋል።

እስቲ የሜልበርን ኢትዮጵያውያን ታሪካችንን እናስታውስ። በ1980ዎቹ ከደርግ ግድያ፥ ከጦርነትና ከረኃብ ሸሽተው በሱዳን በኩል የመጡት አባቶችና እናቶች መተማንና ሑመራን ሲሻገሩ ቪዛ ያሳዩት ለማን ነው? በሌሊት በእግር፥ ደላላ እየመራቸው፥ ያለ ወረቀት ገቡ። ራሷ የተራበችው ሱዳን በገዳሪፍና በኡም ራኩባ አስጠለለቻቸው። ያን ጊዜ ሱዳን «ወረፋ ጥሳችኋል» ብላ ወደ ደርግ መልሳቸው ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ በፉትስክሬይ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ባልተጣደ ነበር። በመተማ በረሃ የተሻገረና በሕንድ ውቅያኖስ በጀልባ የተሻገረ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው አንዱ በእግሩ መሄዱ፥ ሌላው መሬት አልቆበት ባሕር መግባቱ ነው።

ደግሞም የስደተኛ ጥላቻ ከጀልባው ሰው ጋር ብቻ የሚቀር የሚመስለው ካለ ይሞኛል። በ2007 በሜልበርን ዳርቻ አንድ የደቡብ ሱዳን ወጣት ተደብድቦ ሲሞት፥ የጊዜው የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ኬቪን አንድሩስ በዚያው ሰሞን ሱዳናውያን ከአገሩ ኑሮ ጋር አልተስማሙም ብለው የአፍሪካ ስደተኞች ቅበላ መቀነሱን አስረዱ። ልጁን የገደሉት ግን ነጮች መሆናቸው በፍርድ ቤት ታወቀ። በጥር 2018 ሚኒስትር ፒተር ዳተን የሜልበርን ሰው «የአፍሪካ ወሮበሎችን» ፈርቶ ማታ ለእራት መውጣት አቅቶታል አሉ። ሐምሌ 4 ቀን 2020 ደግሞ በወረርሽኙ ጊዜ፥ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች የሚኖሩባቸው ዘጠኝ የፍሌሚንግተንና የኖርዝ ሜልበርን ፎቆች ያለ ማስጠንቀቂያ በፖሊስ ተከበቡ፤ 3,000 ያህል ሰው ተዘጋበት። የክፍለ ግዛቱ እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት መጨረሻ ድርጊቱ ሰብዓዊ መብት መጣሱን አረጋገጡ። በዚያች ቀን ፖሊሱ «አንተ በወረፋ ነው የመጣኸው ወይስ በጀልባ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ነግ በኔ ያላለ ሰው ነገ በራሱ ደጅ ይደርስበታል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። አንደኛው «ጀልባው ካልተከለከለ ሰው በባሕር ያልቃል» የሚል ነው። እውነት ነው፥ በጥቅምት 2001 በአንዲት ጀልባ ብቻ 353 ሰዎች ሰጥመዋል፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ሰው አይደለም። ነገር ግን መንገድ የተዘጋበት ስደተኛ አደጋውን አላመለጠም፤ ከዓይናችን ራቀ እንጂ። ለሕይወቱ የሚያስብ ሰው ወደ ጀልባ እንዳይገባ የሚያደርገው ሌላ በር በመክፈት ነው። ሁለተኛው «አውስትራሊያ የዓለምን መከራ ሁሉ ልትሸከም አትችልም» የሚል ነው። ማን ሸከመችው? ከዓለም ስደተኞች ከመቶ ሰባ በላይ የሚሆኑት ያሉት በድሀና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ከራሷ ልጆች ብዙዎቹን አጥግባ የማታሳድር ኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኛ አስጠልላለች።

ይህን ስል ግን አንዳንዱ አንባቢ ደረቱን ሲነፋ ይታየኛል። የአክሱም ንጉሥ በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ የሸሹትን የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ አልሰጠም፤ ራስ ተፈሪ በ1924 አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከኢየሩሳሌም አመጡ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነትም በ1969 በአዲስ አበባ ተፈረመ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ በአባት ሥራ ብቻ መመካት ግን የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ያሰኛል። በ2019 የወጣው የስደተኞች አዋጅ በወረቀት ላይ ሲነበብ ለሥራና ለመንቀሳቀስ መብት የሰጠ መልካም አዋጅ ነው። ሆኖም በ2020 መንግሥት ለኤርትራውያን ሲሰጥ የነበረውን በጅምላ የመቀበል ሥርዓት አቆመ፤ በ2023ም ኤርትራውያን ከአዲስ አበባ እየታፈሱ ወደ ሸሹት አገዛዝ መመለሳቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች አወገዙ። በሚያዝያ 2023 የካርቱም ጦርነት ሲነሣ ሱዳናውያን በዚያው በመተማ በር ወደ እኛ መጡ፤ እኛ የተሻገርንበትን መንገድ እነርሱ ተገላቢጦሽ ተሻገሩት። በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በአማራ ክልል ጦርነት መካከል ታጣቂና ሽፍታ ሲዘርፋቸው፥ ሲያግታቸውና ሲገድላቸው ጠባቂ አጥተው፥ በግንቦት 2024 ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት መጠለያውን ትተው በጫካና በመንገድ ዳር ወደቁ። ለመሸበት መንገደኛ «ቤት የእግዜር ነው» ሲል የኖረ ሕዝብ፥ መንግሥቱና ጠመንጃ ያነገቡ ልጆቹ ያደረጉት ይህን ነው። ስለ ማኑስ ጮኾ ስለ አውላላ ዝም የሚል ተማሪ፥ ስለ አውላላም ጮኾ ስለ ካርልተን ዝም የሚል ተማሪ፥ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1ኛ፤ «ወረፋ ጣሽ» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ፤ በማኅበራችን ስብሰባ ሲነገርም ዝም ብለን አንለፈው። ለትልልቆቻችን ባለን አክብሮት፥ የ1996ቱን የኮታ እስራት በአማርኛ፥ በትግርኛና በኦሮምኛ ጽፈን እናስረዳቸው። ቁጣቸው ትክክለኛ አድራሻውን ያግኝ።

2ኛ፤ ጥገኝነት የጠየቁ ወጣቶች ጊዜያዊ ቪዛ በመያዛቸው እንደ ውጭ አገር ተማሪ ሙሉ ክፍያ እየተጠየቁ ከዩኒቨርሲቲ በር ይመለሳሉ። ይህ የእኛው የተማሪዎች ጉዳይ ነውና በየተማሪው ኅብረት እናንሣው። በ2024 ስደተኞች በዶክላንድስ ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ድንኳን ተክለው ከመቶ ቀን በላይ ሲቀመጡ ከመካከላችን ስንቶቻችን ሄድን? ሕግ ያጠና ማመልከቻ ይጻፍ፤ ቋንቋ የሚችል ያስተርጕም፤ በፉትስክሬይ ያለው የጥገኝነት ጠያቂዎች መርጃ ማእከል የሚሠራ እጅ ይፈልጋል።

3ኛ፤ በአገር ቤት ያላችሁ ተማሪዎች፥ የ2019ን አዋጅ ይዛችሁ መንግሥትን በገዛ ቃሉ ጠይቁ። ስደተኛው በዩኒቨርሲቲያችሁ ከጎናችሁ ተቀምጦ ይሆናል፤ ስሙን ዕወቁ፥ ሲታፈስም መስክሩ።

ጥገኝነት የቸር ሰው ምጽዋት አይደለም፤ መብት ነው። ምጽዋት ሲሆን ሰጪው ሲከፋው ይነፍጋል፤ መብት ሲሆን ግን ለሐዛራው የተከበረው ለእኛም ይከበራል፥ ለእርሱ የተሻረውም ለእኛ ይሻራል። በመተማ የተሻገረ ሕዝብ ልጆች ይህን ለማወቅ ሌላ መምህር አያስፈልጋቸውም።