ስልክዎን ከማንሳትዎ በፊት

ይድረስ ለውድ አንባቢ፣

ዘመኑ ደብዳቤ የሚጻፍበት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የምነግርዎ ነገር በማለዳ በቴሌግራም ቢደርስዎ የራሴን ምክር ራሴ ማፍረሴ ነው። ጉዳዬ ጠዋት ከነቁ በኋላ ስልክዎን እስኪያነሱ ድረስ ስላለችው ጊዜ ነውና። ለብዙዎቻችን ያቺ ጊዜ አንድ ደቂቃ አትሞላም። ማንቂያው ይጮኻል፣ እጅ ወደ ትራስ ሥር ይገባል፣ ማንቂያው ይጠፋል፤ ስልኩ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። ሌሊት የተለጠፈ ዜና፣ የዶላር ምንዛሪ፣ የዘመድ መርዶ፣ ቲክቶክ ላይ የሚሰዳደቡ ሁለት ሰዎች፣ ይህ ሁሉ ፊታችንን ሳንታጠብ ቤታችን ይገባል።

በዚያች ሰዓት አሥር ደቂቃ ዝም ብለው እንዲቀመጡ ልለምንዎ ነው የጻፍኩት። ተመስጦ የሚሉት አሉ፣ ሜዲቴሽን የሚሉትም አሉ፤ የቀለለዎትን ይበሉት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ከአነቃቂ ንግግር አቅራቢዎች ወገን አይደለሁም። በማለዳ የተቀመጠ ሀብታም ይሆናል፣ በሽታ አይነካውም፣ ትዳሩ ይሰምራል የሚሉትን ስሰማ የማደርገው ቻናሉን መቀየር ነው። ነገሩ ልከኛ ጥቅም ያለው ልከኛ ነገር ነው። ልክነቱን ስለተነጋገርንበት ዋጋው አይቀንስም።

ሐኪሞች ነገሩን ማጥናት ከጀመሩ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የሃርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተመስጦን የሚያዘወትሩ ሰዎችን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሲለካ፣ በተቀመጡበት ሰዓት አተነፋፈሳቸው እንደሚዘገይና ሰውነታቸው የሚጠቀመው ኦክስጅን እንደሚቀንስ አየ። በ1979 ደግሞ ጆን ካባት-ዚን የተባለ የሞለኪውል ባዮሎጂ ምሁር፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ የተመስጦ ሥልጠና ከፈተ። ወደ እሱ የሚላኩት አብዛኞቹ ሕክምናው የሚችለውን አድርጎ ያልፈወሳቸው ነበሩ፤ ለዓመታት ያልለቀቃቸው የወገብ ሕመም ወይም ጭንቀት ያለባቸው። እንዲመንኑ አልጠየቃቸውም፤ ያስተማራቸው ትንፋሻቸውንና ሕመማቸውን ሳይሸሹ መመልከትን ነው።

ከዚያ በኋላ ጥናቱ እንደ ጎርፍ መጣ፤ ደህናውም ደካማውም ተቀላቅሎ። በ2014 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች 47 ሙከራዎችን፣ በጠቅላላው 3,515 ተሳታፊዎችን፣ አንድ ላይ መርምረው ውጤቱን አወጡ። ለጭንቀት፣ ለድባቴና ለሕመም መጠነኛ እፎይታ እንደሚሰጥ አገኙ። ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አላገኙም። በ2022 የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ለገሚሱ ካባት-ዚን የጀመረውን የ8 ሳምንት ሥልጠና፣ ለገሚሱ ኤሲታሎፕራም የተባለውን የታወቀ መድኃኒት ሰጣቸው። የሁለቱም ወገን ጭንቀት ከሞላ ጎደል እኩል ቀነሰ። ይህን አንብበው የሐኪም መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ አደራ። እኔ ከዚህ የምወስደው ይኼን ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም።

ታዲያ ለምን ጠዋት? ከነዚህ ጥናቶች ውስጥ ጠዋት ካልሆነ አይሠራም ያለ የለም። ይሁንና ሰውነታችን ከነቃን በኋላ ባሉት ከ30 እስከ 45 ደቂቃዎች ውስጥ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርገዋል። ክፉ ነገር አይደለም፤ ለቀኑ የሚያሰናዳን እሱ ነው። ሰውነት ራሱ ተነስ ተነስ እያለ ባለበት ሰዓት የዓለምን መከራ ከነፎቶው መጨመር ግን ለእኔ በቃጠሎ ላይ ላምባ ነው። ይህን ሁሉ ይተዉትና፣ ዋናው ምክንያት በጣም ተራ ነው። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማንም ገና አልጠራዎትም። አለቃዎ አልደወለም፣ ልጅዎ ካልሲዬ ጠፋ አላለም፣ ዕቁብ ሰብሳቢዋ አላስታወሰችዎትም። ማታ እቀመጣለሁ ያለ ሰው ደግሞ ማታ የሚያደርገውን እናውቃለን፤ ይተኛል።

እንግዲህ እንዲህ ነው የሚደረገው። ስልኩን ከመኝታ ክፍል ያውጡና በቆጥ ላይም ቢሆን ያስቀምጡት፤ ለማንቂያ መርካቶ የሚሸጠው ተራ ሰዓት ይበቃል። እንደነቁ ውሃ ይጎንጩ፣ ዱካ ላይ ወይም የአልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ። እግር መሬት ይንካ፣ ጀርባ ይቅና፣ እጅ ጭን ላይ ይረፍ። እንደ ሕንድ ባሕታዊ እግር ማጠላለፍ አያስፈልግም። ከዚያ ትንፋሽዎ አፍንጫዎ ጫፍ ላይ ሲገባ ቀዝቀዝ፣ ሲወጣ ሞቅ ሲል ይከታተሉ። ይኼው ነው።

ሦስት ትንፋሽ ሳይሞላ ሐሳብ ይመጣል። የቤት ኪራይ ሊጨመር ነው። ዱባይ ያለችው እህቴ ብር ልካ ይሆን? ትናንት ያ ሰውዬ ስብሰባ ላይ እንደዚያ ሲለኝ እኮ እንዲህ ማለት ነበረብኝ። መጥቶብዎት ሲያዩት አልተሳካልኝም እንዳይሉ። ታክሲ ተራ ላይ ቆመዋል እንበል፤ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብሎ ስለጮኸ ሁሉም ሰው አይሳፈርም። ይጮኻል፣ ያልፋል፣ ሌላው ይመጣል። አንዳንዴ ሳያስቡት ተሳፍረው ሳርቤት ደርሰው ራስዎን ያገኙታል። ወርደው ወደ ትንፋሽዎ ይመለሳሉ። ሥራው መመለሱ ነው፤ ሐሳብ ባይመጣማ ምን ይሠሩ ነበር? ሁለት የሃርቫርድ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት 2,250 ሰዎችን በስልካቸው ባልታሰበ ሰዓት እየጠየቁ፣ የሰው ልብ ከነቃበት ጊዜ 47 በመቶ ያህሉን ከሚሠራው ሥራ ውጭ ሲባዝን እንደሚያሳልፍ አይተዋል። እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ጥቅሙን እዚያው ዱካው ላይ አይፈልጉት። ብዙ ጠዋት ተነስተው ምንም የተለየ ነገር አይሰማዎትም፤ ይሰለቻሉም። የሚታየው በኋላ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ አንድ ሰው አጉል ቃል ሲወረውርብዎ፣ ወይም ልጅዎ ወተቱን ምንጣፍ ላይ ሲደፋ። ቁጣው እንደድሮው ይነሳል። ነገር ግን ሲነሳ ያዩታል፤ ደረት ላይ እንዴት እንደሚሞቅ፣ ምላስ ጫፍ ላይ ምን እንደመጣ። ያቺ ማየት የአንዲት ትንፋሽ ያህል ጊዜ ትሰጥዎታለች፤ ስድቡን ለመዋጥ ትበቃለች። ለእኔ የማለዳው መቀመጥ ጥቅም ከሞላ ጎደል ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ምርቃት ነው።

«ይሄ የባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሥሩ ቡድሂዝም ነው። ካባት-ዚን የተማረው ከዚያ ሲሆን፣ ሆስፒታል ያስገባው ግን ሃይማኖታዊውን ክፍል አስቀርቶ ነው። እርስዎ ለኪዳን ወይም ለሱብሂ የሚነሱ ከሆነ ቀንዎን ከፈጣሪ ጋር ለመጀመር የእኔ ደብዳቤ አያስፈልግዎትም። መቀመጡ ጸሎት አይደለም፣ ጸሎትንም አይተካም። በገዳማችን አርምሞ የሚይዙ አባቶች ባሉበት አገር ዝምታን ከባሕር ማዶ የመጣ ማስመሰል ግን ያስቀኛል። ደግሞ እናውቃለን፣ አፋችን ውዳሴ ማርያሙን ሲደግም ልባችን ገበያ ደርሶ የሚመጣበት ጠዋት ጥቂት አይደለም። ከጸሎቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቢቀመጡ ጸሎቱ ራሱ ሳይጠቀም አይቀርም ባይ ነኝ።

መቀመጡ ለሁሉም ሰው ግን ገር አይደለም። ክፉ ያየ ሰው፣ ከጦርነት ወይም ከስደት መንገድ የተረፈ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ያ ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዓይንዎን ይክፈቱና ወለሉ ላይ አንድ ቦታ ይመልከቱ፣ ወይም ተነስተው ግቢው ውስጥ እርምጃዎን እያስተዋሉ ቀስ ብለው ይራመዱ። ካልተመቸዎት ይተዉት። ለብቻ ተቀምጦ መታገል ጀግንነት አይደለም፤ ባለሙያ ማማከር ይሻላል።

ጸጥታ የለም እንዳይሉኝ። ከወዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ ከወዲያ አዛን፣ ከታች የጎረቤት የውሃ ሞተር፤ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ጸጥታ አያስፈልግም። ድምፁ ይመጣል፣ ይሰሙታል፣ ወደ ትንፋሽ ይመለሳሉ። አራት ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርበት ቤት ከሆነ ደጃፉ ላይ ጋቢ ደርቦ መቀመጥም ይቻላል፤ የሚያይዎ ሰው ቢበዛ ብርዱን እየተከላከሉ ነው ይላል።

አንድ ቀን ቢያመልጥዎ ከዜሮ አይጀምሩም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ተከትሎ የተሠራ ጥናት አዲስ ልማድ እስኪሰርጽ በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አይቷል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም እዚያው ታይቷል። ስለዚህ ለቅሶ ቤት አድረው ወይም ሌሊት ውሃ ሲቀዱ አንግተው ከሆነ ይተኙ። ነገ አለ።

የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ወይም ዋሽንግተን ሌሊቱን ታክሲ ሲነዱ የሚያድሩ ወገኔ ከሆኑ ደግሞ፣ ጠዋት ያልኩት ለእርስዎ የሚነቁበት ሰዓት ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን፣ ስልኩን ከማንሳትዎ በፊት።

አክባሪዎ