«እናቴ መኪና አልሳፈርም አለች»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣልን ከደብረ ታቦር ነው። የፍቅር ጉዳይ የለበትም፤ ባልና ሚስትም አልተጣሉበትም። ነገር ግን ችግሩ የብዙ ቤት ችግር ስለሆነ ከሌሎቹ ደብዳቤዎች አስቀድመነዋል። የጸሐፊዋን ስም እንደ ልማዳችን ትተን፣ ሐሳቧን አሳጥረን እነሆ፦

«እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። የዓይን ግፊት ስላለባት በየጊዜው ባሕር ዳር እየወሰድኩ አሳክማታለሁ። ባለፈው ክረምት ከሚኒባስ ስትወርድ አዳለጣትና ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጥንቷ አልተነካም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና አልሳፈርም ብላ ሁለት ቀጠሮ አሳልፋለች። ጋይንት ያለችው ታላቅ እህቷ ስትሞት ለቀብር አልደረሰችም፤ አሁን ተዝካሩ ቢደርስም ‹እዚሁ ሆኜ አለቅሳለሁ› ትላለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እምቢ አለች። ዘመዶቻችን ‹አርጅታ ግትር ሆነች› ይላሉ። አንዲት የማኅበር ጓደኛዋ ግን ‹መውደቋ አይደለም ያሳፈራት፤ ቀሚሷ ተገልቦ ሰው ማየቱ ነው› አለችኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መልሱን ግማሽ ያህል እኚያ የማኅበር ጓደኛ ነግረውሻል። እናትሽ ግትር አይደሉም። በመናኸሪያ ሕዝብ ፊት ወድቀው፣ ቀሚሳቸው ተገልቦ፣ ምናልባትም ረዳቱ በብብታቸው ገብቶ እንደ ጆንያ አንስቷቸው ይሆናል። አንድ ባለማዕረግ እናት ይህን በቀላሉ አይረሱም። ስለዚህ ቁጣውን ተዪው። «አይዞሽ፣ ምንም የለም» ማለቱም አይበቃም። የሚያሰጋ ነገር መኖሩን አምነሽ «እማዬ፣ እውነትሽን ነው፤ ደረጃው ክፉ ነው። ሁለተኛ እንደዚያ አትወርጂም» በያት።

ነገር ግን ቀልድ የሌለበት ነገር አለ። የዓይን ግፊት፣ ሐኪሞች ግላኮማ የሚሉት፣ ሳያሳምም ቀስ በቀስ ብርሃን ይወስዳል። አንዴ የሄደው ብርሃን ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ሕክምናው የሚጠቅመው የቀረውን ለማቆየት ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የጎንና የዳር እይታን ከማጥበብ ስለሆነ ደረጃ የመሳት ነገር ከዚያም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮውን ማሳለፍ ሌላ ውድቀት መጥራት ነው። በዚያ ላይ ወድቆ የፈራ ሰው መቀመጥ ያበዛል፤ ጉልበቱ ይሰንፋል፤ ከበፊቱ ይልቅ ለመውደቅ ይቀርባል።

አሁን ወደ ደረጃው እንምጣ። የቤት ደረጃ አንዱ እርከን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ስንዝር አይሞላም ማለት ነው። የመኪና የመጀመሪያ ደረጃ ግን ሁለት ስንዝር የሚጠጋበት ጊዜ አለ። በእኛ ደጋ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። በሩ በቀኝ ነው፤ ቦዩም በቀኝ ነው። ሾፌሩ ዳር ይዞ ሲቆም የሚወርደው ሰው እግሩን የሚያሳርፈው ቁልቁል ነው። ደረጃው ሁለት ስንዝር የነበረው ሦስት ይሆናል። ክረምት ሲሆን ጭቃው አለ። እንግዲህ መፍትሔው ይኸውልሽ፦

አንደኛ፣ በርጩማ አሠሪ። የቤቱ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አይሆንም፤ ይገለበጣል። አናጢ ዘንድ ሄደሽ አራት እግሩ ወደ ውጭ ከፈት ያለ፣ ከላይ ሁለት እግር ጎን ለጎን የሚያስቆም፣ ቁመቱ የመኪናውን ደረጃ ግማሽ የሚያህል አሠሪ። ላዩ ላይ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ይመታበት፤ እንዳያዳልጥ ነው። ገመድ እሰሪበት፤ ከተሳፈሩ በኋላ ስበሽ ታስገቢዋለሽ። ድንጋይ፣ ጀሪካንና የለስላሳ ሳጥን ግን በፍጹም! እናትሽ ከመርገጣቸው በፊት አንቺ ቆመሽበት ነቅንቀሽ ፈትኚው።

ሁለተኛ፣ ልብሱ። ከቀሚሱ ሥር ሙሉ ሱሪ ይልበሱ። ለደብረ ታቦር ብርድም መድኃኒት ነው። ነጠላውን ያደግድጉ። ምርኩዙና ፌስታሉ ቀድሞ ይግባ፤ ሁለቱም እጆች ባዶ መሆን አለባቸው። የጫማውን ጭቃ ከመውጣት በፊት መጥረግ ነው።

ሦስተኛ፣ አወጣጡ። ሲወጡ የሚቀድመው ደህናው እግር ነው፤ ሲወርዱ የሚቀድመው ደካማው። ጸሎት እንደሚደገም ደጋግመሽ አስጠኛቸው። ሲወርዱ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው፣ መሰላል እንደሚወርድ ሰው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ይውረዱ። የሚይዙት ከመኪናው ጋር የተበየደውን መያዣ ነው። ተንሸራታቹን በር ወይም ተጣጣፊውን ወንበር መያዝ አደጋ ነው።

አራተኛ፣ የአንቺ ቦታ ከታች በጎናቸው ነው። አትጎትቻቸው፣ በብብታቸውም አትግቢ። ክንድሽን ዘርጊላቸውና እሳቸው ይያዙሽ። ያዢም ተያዥም እሳቸው ሲሆኑ ክብራቸው በእጃቸው ነው።

አምስተኛ፣ መቀመጫው። መናኸሪያ ማልዳችሁ ድረሱና ለበሩ የሚቀርበውን ወንበር ያዙ። «ጋቢና ክብር ነው» ሲሉሽ አትቸኩዪ። የሚኒባስ ጋቢና አወጣጡ ከኋላው በር የሚከብድበት ጊዜ ብዙ ነው። ስትደርሱም ሌላው ሰው ይውረድ፤ እናንተ የመጨረሻ ሁኑ። ረጅም ተቀምጦ ድንገት መነሳት ራስ ያዞራል። እግራቸውን እያንቀሳቀሱ ጥቂት ቆይተው ይነሱ።

ስድስተኛ፣ ልምምድ። የመጀመሪያውን ቀን ባሕር ዳር አትውሰጃቸው። የምታውቂውን ባለመኪና ለምነሽ፣ የቆመ መኪና ላይ፣ ሰው በሌለበት ሦስት አራት ጊዜ ያውጡ ያውርዱ። እቤትም ከወንበር እየተነሱ መቀመጥን በየቀኑ 10 ጊዜ ቢለማመዱ ጉልበት ይሰጣል።

ለባለ መኪናዎችና ለረዳቶችም አንድ ሁለት ነገር እንበል። በያጅ ዘንድ ሄዶ ተጨማሪ ደረጃ ማሠራት ከባድ አይደለም። ላሜራው ባለ ነጥብ ይሁን፤ ጠርዙ እንዳይቆርጥ ይታጠፍ፤ በነጭ ወይም በቢጫ ቀለም ይቀባ። በወገብ ልክ መያዣ ይበየድ። ጭቃ እንዳይገባ ብላችሁ ደረጃ ላይ ጆንያ አታንጥፉ፤ የሚንሸራተተው ጆንያው ራሱ ነው። ሾፌሩም ከቦዩ ራቅ ብሎ፣ መሬቱ ደልደል ያለበት ቦታ ይቁም። «ወራጅ አለ!» ከተባለ ወራጁ ሁለት እግሩን መሬት ሳያሳርፍ ማርሽ አይገባም። «ቶሎ በሉ እማማ!» የምትለው ወንድሜ፣ የምታተርፋት ግማሽ ደቂቃ የአንዲት እናት ዳሌ ዋጋ ናት?

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በውጭ አገር ቤታቸውን በጎማ ላይ ጭነው የሚዞሩ ቱሪስቶች እንኳ የበሩ ደረጃ ስለሚከብዳቸው ተንቀሳቃሽ በርጩማ ይዘው ይጓዛሉ። አሜሪካኖች በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሕዝብ አውቶቡስ ለሁሉም እንዲመች አስገድደዋል። ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ተሳፋሪ ሲመጣ በበሩ በኩል ጎንበስ የሚል አውቶቡስም በብዙ አገር አለ። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 9 ላይ ትራንስፖርትን በስም ይጠቅሳል። ጎንበስ የሚለው አውቶቡስ ጋይንት እስኪደርስ ግን እናትሽ አይጠብቁም። እስከዚያው በርጩማው አለ።

እህቴ፣ ያንቺ አገር ሰዎች በ1860 ዓ.ም ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ ገደሉን እየቆረጡ መቅደላ አምባ አውጥተዋል። አንቺም እናትሽን ሁለት ስንዝር ማውጣት አያቅትሽም። መጀመሪያ የዓይን ቀጠሮውን አስይዢ፤ ለተዝካሩም በጊዜ ድረሱ። ታላቅ እህታቸውን ከዘመድ ጋር ሆነው ያልቅሱላት።