«አትሂድ» ማለት ብቻውን ልጅን በደህና አይመልስም



የበዓል ሰሞን በመጣ ቁጥር ወጣቶቻችን ወደ ነገቭና ወደ አራቫ በረሃ ይወርዳሉ። አንዱ በ2014 ወደተጀመረው ሚድብርን ይሄዳል፣ ሌላው ጓደኛው በዋትሳፕ ቦታውን ወደላከለት ስም የለሽ የበረሃ ጭፈራ። በእኛ ቤት የሚሰማው መልስ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንዱ «አትሄድም! ሰንበት አይደለም ወይ?» የሚል ቁጣ ነው። ሌላው ዝም ብሎ «እግዚአብሔር ይጠብቀው» እያሉ መተኛት ነው። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ፤ ሁለቱም ልጁን አይጠብቁትም።

ፍርሃታችሁን አልንቅም። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በሬኢም ሜዳ ከሆነው በኋላ «ፌስቲቫል» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ሆዳችሁ ቢባባ ማን ይፈርድባችኋል? ሰንበት መጣሱም ያንገበግባችኋል፤ እናውቃለን፣ አገር ቤት ሰንበትን እንዴት እንደጠበቃችሁ። ነገር ግን ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኜ በየቤቱ ስገባ ደጋግሜ የማየውን ልንገራችሁ። የተከለከለ ልጅ አይቀርም፣ ይዋሻል። «ቤር ሼቫ ጓደኛዬ ቤት ነኝ» ብሎ ይወጣል። የት እንዳለ ማንም አያውቅም። ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ነግቶ መመለሻው ሲደርስ፣ ዓይኑ እየተከደነ እንኳ «አባ፣ ደክሞኛል» ብሎ መደወል አይችልም፤ አባቱ ቤር ሼቫ ነው የሚያውቀውና። መሪውን የሚያስይዘው ድፍረት አይደለም፣ ውሸቱ ነው።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው ጭፈራውን ነው። እኔ ይበልጥ የሚያስፈራኝ መመለሻው ነው። ወደዚያ ሲሄድ ልጁ ተኝቶ ያደረ ነው። ሲመለስ ግን ጉልበቱ አልቋል፣ ፀሐዩ ዓይኑን ይወጋዋል፣ መንገዱ ቀጥ ያለና ያው አንድ ዓይነት ነው። አሥራ ሰባት ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው አነዳዱ መጠጥ እንደቀመሰ ሰው እንደሚሆን በጥናት ተረጋግጧል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 25 ሜትር ይጓዛል። ልጁ ለአራት ሴኮንድ ብቻ ቢያሸልብ 100 ሜትር ያለ ሹፌር ሄደ ማለት ነው። ቡና፣ የተከፈተ መስኮት፣ ጮክ ያለ ሙዚቃ እንቅልፍን አይተኩም። እንቅልፍን የሚተካ እንቅልፍ ብቻ ነው።

መንገዱም ይቅር የሚል አይደለም። ኪቢሽ 90 ከመቱላ እስከ ኤይላት 480 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአራቫ በኩል አሁንም ብዙ ቦታ ላይ የሚሄደውን ከሚመጣው የሚለይ አጥር የለውም፤ ትንሽ ወደ ግራ ያለ መኪና ፊት ለፊት ከጭነት መኪና ጋር ይገናኛል። ኪቢሽ 40 ሚጽፔ ራሞን ሲደርስ ወደ መኽቴሹ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል። በነገቭ ሌሊት ግመል መንገድ ያቋርጣል፤ መብራት የሚያርፈው እግሩ ላይ ስለሆነ የሚታየው ዘግይቶ ነው። እዚያ ጠብታ ሳይዘንብ፣ ሩቅ ተራራ ላይ በዘነበ ዝናብ ወንዙ ድንገት ይሞላል። በኤፕሪል 2018 በናሃል ጻፊት አሥር ወጣቶች በጎርፍ ያለቁትን አንርሳ። ከሶሮካ ሆስፒታል ኤይላት እስካለው ዮሴፍታል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አምቡላንስ እንደ ከተማው ቶሎ አይደርስም።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። በዚህ አገር በረሃን ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል? በሱዳን በኩል የመጣችሁት ሌሊት እየተጓዛችሁ ቀን አርፋችኋል። ውኃውን በጉንጭ ለክታችኋል። መንገድ የሚያውቅ ሰው ሳትይዙ አልተነሣችሁም፤ የደከመውን ጥላችሁ ላለመሄድ ታግላችኋል። በመንገድና በሰፈሩ ያለቁትን ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ወገኖቻችንን በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ሄርጽል ተራራ ላይ እናስባቸዋለን። ይህን ሁሉ የምታውቁ ሰዎች ልጃችሁ በረሃ ሲወርድ የምትነግሩት «አትሂድ» ብቻ ነው? ዕውቀቱን ለማን ልታወርሱት ነው?

«ታዲያ ፍቀዱ ነው የምትለን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሕጉ የከለከለውን ከልክሉ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ፣ ሪሽዮን ካወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለ አጃቢ ከሁለት ሰው በላይ መጫን አይችልም። መኪናው የእናንተ ከሆነ ቁልፉ የእናንተ ነው፤ አራት ጓደኛ አጭቆ ሊሄድ ሲል አትስጡት። ከ24 ዓመት በታች ላለ ሹፌር ደግሞ አንድ ቢራም ብዙ ነው። ነገር ግን ከጦር ሠራዊት የተመለሰ የ22 ዓመት ጎልማሳ ፈቃዳችሁን እየጠየቀ አይደለም። ለእሱ ያላችሁ ኃይል ቁጣ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ሲመለስ የሚነዳው ማን ነው? ያ ሰው መቼ ይተኛል? ለእያንዳንዱ ሰው ስንት ሊትር ውኃ ይዛችኋል? ትርፍ ጎማው ነፋስ አለው? በስንት ሰዓት ካልደወልክ ልፈልግህ? ለእነዚህ መልስ ያለው ልጅ ግማሽ መንገድ ድኗል።

ከዚያ አንድ ቃል ስጡት፦ «በየትኛውም ሰዓት ደውል፣ አልቆጣህም።» ቁጣው ከፈለጋችሁ እሁድ ይደርሳል። «በሰንበት ስልክ አላነሣም» የምትሉ፣ ነፍስ ለማዳን ሰንበት እንደሚሻር ቄሶቻችሁንም ረቢዎቻችሁንም ጠይቁ። ልጁ በበረሃ እየነዳ ሊያሸልብ ሲል ከሚደውለው ስልክ በላይ ምን ነፍስ ማዳን አለ? ከመሞት መሰንበት ይሻላል ያሉት የእኛው አባቶች ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር ወጣቶቹ ራሳቸው ይነግሩኛል። «መንገድ ዳር አቁመን ብንተኛ ፖሊስ መጥቶ መስኮት ይደበድባል፣ መታወቂያ አምጡ ይለናል፤ ስለዚህ ዝም ብለን እንነዳለን» ይላሉ። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ማንም ከዚህ ማኅበረሰብ የወጣ ሰው አይጠይቅም። ትክክል ያልሆነውን መታገል የእኛ የታላላቆቹ ሥራ ነው፣ እሱንም እንሠራለን። እስከዚያው ግን ንገሯቸው፦ መብራት ያለበት ቤንዚን ማደያ ገብተው ሃያ ደቂቃ ይተኙ። መታወቂያ ተጠይቆ መናደድ ያልፋል፣ ያኛው አያልፍም።

የመጨረሻው ጥያቄ ለሁላችንም ነው። ለቅሶ ሲሆን በአንድ ቀን ገንዘብ አዋጥተን ከሰሜን እስከ ደቡብ አውቶቡስ ሞልተን እንሄዳለን። ይህ ያማረ ባህላችን ነው። ታዲያ ልጆቹ በሕይወት ሳሉ፣ አሥራ አምስት ሆነው ወደ በረሃ ሲወርዱ፣ ተኝቶ ያደረ ሹፌር ያለው አንድ ሚኒባስ ለመመለሻ ማዋጣት ለምን አቃተን? የየሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ከመጪው በዓል በፊት ወጣቶቻችሁን ሰብስቡና ይህን አንሡላቸው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።