መተማ ላይ የተሠራውን ማን መዘገበው?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር ወሬው መተማ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከወሬው ቀጥሎ ሰው ደረሰ። ሱዳናውያን፣ ሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ የሌላ አገር ዜጎችም በጋላባት በኩል እየተሻገሩ መተማ ዮሐንስ ገቡ። ኩመርና አውላላ የስደተኛ መጠለያ ሆኑ። 2016 ዓ.ም. ሲጠባ ደግሞ ኩመር ውስጥ ኮሌራ ተነሣ።

እንዲህ ባለ ሳምንት ገንዳ ውኃ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠ አንድ የዞን ጤና ባለሙያ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው። በዚህ ቆላ የመጠጥ ውኃ የመረመረ ማን አለ? የቀን ሠራተኛውን እንቅስቃሴ ያጠናስ? ዐረብኛ የሚችል የጤና መምህርስ? 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጎንደር ላይ 70 ዓመት የሞላው የጤና ትምህርት ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው እዚያ አይጠፋም። በአገራችን ግን እንዲህ ያለው መልስ የሚገኘው በመዝገብ ሳይሆን በትውውቅ ነው። አብሮ የተማረ ካለ ይደወላል። ከሌለ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ደብዳቤው ከፕሬዚዳንት ወደ ምክትል፣ ከምክትል ወደ ዲን፣ ከዲን ወደ ትምህርት ክፍል ሲወርድ ወረርሽኙ ሥራውን ጨርሶ ይጠብቀዋል።

እዚህ የሚነሣው ጉዳይ አሰልቺ የሚመስል ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የሥራ መዝገብ። ማን ምን አስተማረ፣ ምን ተመራመረ፣ የትኛው ወረዳ ወርዶ ምን አገለገለ፣ መቼ፣ ከማን ጋር የሚለው ዝርዝር ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን የመምህሩና የሰው ሀብት አስተዳደሩ የግል ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲን ለማስተማር፣ ለምርምርና ለማኅበረሰብ አገልግሎት ነው ያቋቋመው። ከሦስቱ ሁለቱ የሚሠሩት ከግቢው ውጭ፣ ደሙን በሰጠ ሕመምተኛ፣ ማሳውን ባስለካ ገበሬ፣ ጊዜውን ሰጥቶ መጠይቅ በመለሰ ሰው ላይ ነው። መዝገቡ የእነሱም ነው።

ጎንደር ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት መነሻው ደንቢያን የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ የተወለደው ከቆላው በሽታ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታትም የሰሊጥና የጥጥ እርሻው ሲስፋፋ፣ ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ወጣት በአሸዋ ዝንብ እየተነከሰ ካላዛር ይዞት ሲመለስ፣ ሕክምናውም ጥናቱም ጎንደር ላይ ተከማቸ።

ከዚህ ሥራ አንዱን ብቻ ማንሣት ይበቃል። ካላዛርና ኤች አይ ቪ አብረው የያዙት ሰው በተለመደው መድኃኒት በቀላሉ አይድንም፤ ቢሻለውም ያገረሽበታል፤ አንዳንዱን መድኃኒቱ ራሱ ይጎዳዋል። አምቢዞምና ሚልቴፎሲን የተባሉትን ሁለት መድኃኒቶች አጣምሮ መስጠት ይሻል እንደሆነ የተሞከረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በአብደራፊ ጤና ጣቢያ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካና ለደቡብ ምሥራቅ እስያ አዲስ የሕክምና መመሪያ ሲያወጣ ጥምር ሕክምናውን መከረ። ሰሊጥ ለማጨድ ወርደው የታመሙ ድሆች የተሳተፉበት ሙከራ ባሕር ማዶ ያለን ሐኪም እጅ ለወጠ። ይህ ሥራ የተረፈው የውጭ አጋሮች ስላሉትና በታወቀ መጽሔት ስለታተመ ነው። አጋር የሌለው፣ ያልታተመው፣ ለወረዳው ብቻ የተሠራው ሥራስ?

የእጣን ዛፉ ታሪክ ደግሞ ያሳፍራል። መተማ አካባቢ ባሉ የእጣን ደኖች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ዛፎቹ በ50 ዓመት ውስጥ 90 በመቶ እንደሚቀንሱ፣ የእጣን ምርቱም በ15 ዓመት በግማሽ እንደሚወርድ ገምቷል። አዋቂው ዛፍ በእሳትና በጢንዚዛ ይሞታል፤ ችግኙ በከብትና በቃጠሎ ምክንያት ዛፍ ሳይሆን ይቀራል። ከተባለው 15 ዓመት አብዛኛው አልፏል። ዛሬ የወረዳው የግብርና ባለሙያ ያንን ጥናት ቢፈልግ በቀላሉ የሚያገኘው ኔዘርላንድ፣ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ በመተማ ዛፍ ላይ የተሠራ ሥራ ነው። የደች ዩኒቨርሲቲ ከኛ የተለየ ጥበብ ኖሮት አይደለም። ሠራተኛውና ተማሪው የሠራውን በሠራበት ሰዓት መዝግቦ፣ አንድ ቦታ አስቀምጦ፣ ለማንም ክፍት ስላደረገው ነው።

የኛ መዝገብ እንዴት እንደሚበላሽ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። መሙያው ጊዜ ሰኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ትምህርት ክፍሉ ቅጽ ይልካል፤ የምርምር ጽሕፈት ቤቱ ሌላ ቅጽ ይልካል፤ ለሚኒስቴሩ የአፈጻጸም አመላካች ሪፖርት ሌላ ይመጣል፤ ማዕረግ የሚጠይቅ መምህር ደግሞ አራተኛውን ራሱ ያዘጋጃል። አንዱ በኢትዮጵያ ዘመን፣ ሌላው በአውሮፓ ዘመን ይጠይቃል። ኅዳር ላይ የታተመ ጽሑፍ በአንዱ 2016፣ በሌላው 2023 ይባላል፤ ያላስተዋለ ሁለት ጽሑፍ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። በቆላው ሰሊጥ የሚታጨደው፣ ሠራተኛውም የሚገኘው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ የተሠራው ሥራ ስምንት ወር ቆይቶ ከትዝታ ይጻፋል። ስንት ሰው መረመርን? ሦስት መቶ ይሆናል። የት? መተማና አካባቢው። «አካባቢው» የሚለው ቃል ቋራንም፣ ምዕራብ አርማጭሆንም፣ አንዳንዴም ጎንደር ከተማ ዳርን ይሸፍናል።

የስሙ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የዓለም የጥናት ማውጫዎች ግን ግድ ይላሉ። ስለዚህ አባቱ ከበደ የሚባል ሁሉ የከበደ ቤተሰብ ይሆናል። ኃይለ ማርያም የሚባል መምህር ስሙ በላቲን ፊደል አንዴ አንድ ቃል፣ አንዴ ሁለት ቃል፣ አንዴ በሰረዝ ተያይዞ ይጻፋል፤ ማውጫው ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። በተቃራኒው ሁለት የተለያዩ መምህራን አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ያንዱ ሥራ ለሌላው ይቆጠራል። መፍትሔው ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ አለ። ኦርሲድ የሚባል፣ ለአንድ ተመራማሪ ዕድሜ ልኩን የሚያገለግል ባለ 16 አሃዝ መለያ ነው። ለማውጣት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ዩኒቨርሲቲ ለመምህሩ መታወቂያ ካርድ ሲሰጥ አብሮ ቢያስወጣው ምን ይጎዳዋል?

ይህ ሁሉ የቸልታ ስሕተት ነው። ሆን ተብሎ የሚሠራውም አለ፤ መሸፋፈኑ አይጠቅምም። ሳይወርዱ ወረድን፣ ሳያሠለጥኑ አሠለጠንን ማለት፣ በአንድ ጽሑፍ ላይ ውለታ መመላለሻ ስም መደርደር፣ ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ በሚያትም መጽሔት ዝርዝርን ማስረዘም በመምህራን መካከል ሲታሙበት የሚኖር ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ የሚጎዳው ደግሞ በትክክል የወረደው ሰው ነው። ሙቀቱን ችሎ፣ በአውቶቡስ ተንገላትቶ፣ ሸኸዲ አልጋ ተከራይቶ አድሮ ሁለት ሳምንት የሠራ መምህር በእድገት ኮሚቴው ፊት አንዲት የምስጋና ደብዳቤ ይዞ ይቀርባል። ከቢሮው ሳይወጣ ተመሳሳይ ደብዳቤ ያገኘም ያንኑ ነጥብ ያገኛል። መዝገቡ ሁለቱን መለየት ካልቻለ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቆላው የሚወርደው ቁጥር ያንሳል። መተማ የምትከስረው እዚህ ላይ ነው።

«መምህሩ ደመወዙ ከወር ወር አላደርስ እያለው፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ሌላ ቅጽ ልትጭኑበት ነው?» የሚል ይኖራል። ቅሬታው እውነት አለው። በቁም ነገር መታየት ያለበትም ስለሆነ መፍትሔው አምስተኛ ቅጽ ሊሆን አይችልም፤ አራቱን ወደ አንድ ማምጣት ነው። መምህሩ አንድ ጊዜ ያስገባል፤ ትምህርት ክፍሉም፣ የምርምር ጽሕፈት ቤቱም፣ ሚኒስቴሩም፣ የእድገት ኮሚቴውም ከዚያው ይቀዳሉ። የተጠየቀ ቢሮ «መዝገቡን እይ» ብሎ መመለስ ይቻለው። ሥራው ሲያልቅ፣ በዚያው ሳምንት፣ በስልክ የሚሞላ ሦስት አራት መስመር ይበቃል፤ ቀኑ በሁለቱም ዘመን፣ ወረዳው በስሙ፣ የተሠራው፣ አብሮ የሠራው። ከዚያ የወረዳው ጽሕፈት ቤት «አዎ፣ መጥተው ሠርተዋል» ወይም «አላየናቸውም» ይላል። የመጨረሻዋ ነገር ትልቋ ናት። እስካሁን ስለ ወረዳው የሚጻፈውን ወረዳው አያየውም።

ጦርነቱም የሚያስተምረው አለ። በ2014 ዓ.ም. ወልዲያና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘረፉ ኮምፒውተሩም ቤተ ሙከራውም ሄዷል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረው የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ከነመዛግብቱ ተቃጥሏል። ከመተማ ድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ ግዛት ዶካ ላይ፣ ከጎንደር ጋር በአንድ የካላዛር ጥናት መረብ ውስጥ የሚሠራ ማዕከል ነበረ፤ ጦርነቱ የሱዳንን ምሁራን የት የት እንደበተነ ሁሉም ያየው ነው። በአንድ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ መዝገብ እንደሌለ ይቆጠራል። አገሪቱ ናድሬ የሚባል ብሔራዊ የጥናት ማከማቻ አላት፤ የመመረቂያ ጽሑፉና የጥናት ውጤቱ እዚያ ከመምህሩ መለያ ጋር ቢገባ ቢሮው ቢዘረፍ እንኳ ሥራው አይዘረፍም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ለምዕራብ ጎንደር በተለይ። ሰው እየታገተ ገንዘብ በሚጠየቅበት መንገድ ላይ የትኛው መምህር በየትኛው ቀን የት እንዳለ ለዓለም ማሳየት ዕብደት ነው። የመጠለያ ጣቢያ ነዋሪን ወይም የካላዛር ሕመምተኛን ሊያስለይ የሚችል ዝርዝርም እንደዚያው። ስለዚህ ጉዞው በሚመዘገብበት ጊዜ ተዘግቶ ይቆይ፤ ሰውየው ተመልሶ ወራት ካለፉ በኋላ ሥራው ይከፈት፤ የመረጃ ሰጪዎች ማንነት ጨርሶ አይግባ። ትክክለኛ መዝገብ ሁሉን የሚዘረግፍ መዝገብ ማለት አይደለም። የደኅንነቱ ጉዳይ ግን መዝገቡን እስከነጭራሹ ለመተው ሰበብ ሲሆን ሊታመን አይገባም። ከመንገዱ መዘጋት በፊትም መዝገቡ ያው ነበር።

ጎንደር ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ተብሎ ተመድቧል። ለዚህ ምድብ የሚመጥነው ከትልልቅ የአቋም መግለጫ ይልቅ አንድ ተራ ሥራ ነው። ባለፉት 20 ዓመታት በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ የተሠራውን፣ የታተመውንም ያልታተመውንም፣ ጡረታ ከመውጣታቸውና ከአገር ከመውጣታቸው በፊት ከመምህራኑ ጠይቆ መሰብሰብ። የምርምር ክፍል ጥቂት ወጣት ረዳቶች በአንድ ክረምት ሊጨርሱት ይችላሉ። ዝርዝሩ ታትሞ አንድ ቅጂ ገንዳ ውኃ ዞን ጤና መምሪያ፣ አንድ ቅጂ ግብርና መምሪያ ይቀመጥ፤ መብራት ሲጠፋም ኔትወርክ ሲቋረጥም ይነበባል። ስልክ ቁጥር ባይኖረው እንኳ የትምህርት ክፍሉ ስም ይኑርበት።