በደጋ የሚካሄድ የሞተር ጥናት ቤንዚንን በኪሎግራም ሊመዘግብ ይገባል

ከሸዋ ሮቢት ቆላ በጣርማ በር በኩል ወደ ሞላሌ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ቀን ጉዞ ከሙቅ ሜዳ ወደ መንዝ ብርድ ይሻገራል። አብሮት በጀሪካን የተጫነው ቤንዚንም እንዲሁ። ቆላ ሳለ 30 ዲግሪ ሴልሲየስ የነበረው ነዳጅ ሞላሌ አድሮ ጠዋት 10 ዲግሪ ቢደርስ፣ ጠብታ ሳይፈስበት በሊትር ሲለካ አንሶ ይገኛል። የጎደለው ግን ይዘቱ እንጂ መጠነ ቁሱ አይደለም። ይህ ቀላል እውነታ የመስኖ ፓምፕ፣ የጄኔሬተር፣ የባጃጅ ወይም የሞተር ብስክሌት የነዳጅ ፍጆታን በሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ሥራዎች ውስጥ ተገቢውን ቦታ ሊያገኝ ይገባል። የቤንዚን ፍሰት በሊትር በሰዓት ብቻ ተመዝግቦ የሚቀርብ ውጤት፣ በተለይ ቆላና ደጋን ለማነጻጸር ሲውል፣ ያልተሟላ ውጤት ነው።

ስሌቱ ራሱ አንድ ማባዛት ብቻ ነው፤ የይዘት ፍሰት በእፍግታ ሲባዛ የመጠነ ቁስ ፍሰትን ይሰጣል። ችግሩ ያለው የትኛው እፍግታ ይወሰድ በሚለው ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ከመማሪያ መጽሐፍ የተገኘ አንድ ቋሚ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ቤንዚን በአንድ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ በይዘቱ 0.095 በመቶ ገደማ ይሰፋል ወይም ይኮማተራል። በ15 ዲግሪ እፍግታው በሊትር 0.740 ኪሎግራም የሆነ ቤንዚን በ30 ዲግሪ 0.730፣ በ10 ዲግሪ ደግሞ 0.744 ገደማ ይሆናል።

ለአብነት ያህል አንድ አነስተኛ ጄኔሬተር በሁለቱም ቦታዎች በሰዓት 1.2 ሊትር ተጠቀመ እንበል። በሊትር ሲታይ ልዩነት የለም። በመጠነ ቁስ ሲሰላ ግን በሸዋ ሮቢት ሙቀት 0.875፣ በሞላሌ ጠዋት 0.892 ኪሎግራም በሰዓት ይሆናል፤ ልዩነቱ 2 በመቶ ይጠጋል። አንድ ነዳጅ ቆጣቢ መሣሪያ ወይም ጭማሪ 2 በመቶ ቁጠባ አስገኘ ብሎ የሚደመድም ጥናት፣ የነዳጁን ሙቀት ካልመዘገበ፣ የለካው መሣሪያውን ይሁን የጠዋቱን ብርድ ሊያውቅ አይችልም።

ከሙቀት ይልቅ የሚከብደው የነዳጁ ዓይነት ነው። የአውሮፓ የቤንዚን ደረጃ በ15 ዲግሪ ከ0.720 እስከ 0.775 ኪሎግራም በሊትር ያለውን እፍግታ ሁሉ ይፈቅዳል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ከ7 በመቶ በላይ ልዩነት አለ። ኢታኖል ሲቀላቀል ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ የፊንጫ ኢታኖል በ5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ እንዳለ ይታወቃል። ኢታኖል በሊትር ከቤንዚን ይከብዳል፤ በኪሎግራም የሚሰጠው ሙቀት ግን የቤንዚን 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እፍግታው በተገዛው ነዳጅ ላይ ሊለካ ይገባል፤ የድብልቁም ዓይነት ሊጠቀስ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ከፍታ ቤንዚኑን አያሳሳውም። በሞላሌና በባሕር ጠረፍ መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት በፈሳሽ ነዳጅ እፍግታ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከ0.01 በመቶ ያነሰ ነው። የሚሳሳው አየሩ ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በ3000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍግታ በባሕር ወለል ካለው 74 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ተራ ካርቡሬተር እዚያ ከፍታ ላይ ሲሠራ ድብልቁ በ16 በመቶ ገደማ በነዳጅ ይበዛል። ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎግራም 14.7 ኪሎግራም አየር ይፈልጋል የሚለው መሠረታዊ ምጣኔም በመጠነ ቁስ የተነገረ ነው። ሊትርን ይዞ ወደዚህ ምጣኔ የሚገባ ተመራማሪ የመንዝን አየር ውጤት ከራሱ የእፍግታ ግምት ስሕተት ለይቶ ማውጣት ይሳነዋል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። በመስክ ላይ የሰዓት መቆጣጠሪያውም፣ ጭነቱም፣ የለኪው ዓይንም ከ2 በመቶ በላይ ስለሚዋዥቅ በእፍግታ መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው ይባላል። ክርክሩ ግን ሁለት ዓይነት ስሕተቶችን ያደባልቃል። የእጅና የዓይን መዋዠቅ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ስለሚሄድ ልኬቱ ሲደጋገም ይቀንሳል። የተሳሳተ እፍግታ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትታል፤ መቶ ጊዜ ቢደገምም አይጠፋም።

የመሣሪያ እጥረትም በቂ ምክንያት አይሆንም። የሚያስፈልገው ቴርሞሜትር፣ የእፍግታ መለኪያ ሃይድሮሜትርና የነዳጁን ሙቀት ከአየሩ ሙቀት ለይቶ መመዝገብ ነው። ከዚህም የሚቀል መንገድ አለ፦ የነዳጅ ታንኩን ከሙከራው በፊትና በኋላ በሚዛን መመዘን። በዚህ ጊዜ እፍግታም ሆነ የሙቀት እርማት አያስፈልግም፤ የልዩነቱ ኪሎግራም ለሰዓቱ ሲካፈል ፍሰቱ ይገኛል።

የመለኪያ መደበላለቅ የሚያስከትለው ጉዳት ከወረቀት ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የካናዳ የመንገደኞች አውሮፕላን በሊትር የተቀዳው ነዳጅ ወደ ኪሎግራም ሲለወጥ ለፓውንድ የሚሆነው ማባዣ በመወሰዱ፣ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዞ ተነሥቶ አየር ላይ ሳለ ሞተሮቹ ጠፍተዋል፤ አብራሪዎቹ በጊምሊ ሜዳ ላይ አንሸራትተው አሳርፈውታል። በሞላሌ ፓምፕ ላይ የሚሠራ ጥናት ይህን ያህል አደጋ አያመጣም። ሆኖም ገበሬው የትኛውን ፓምፕ እንዲገዛ፣ ወረዳው ለመስኖ ስንት ነዳጅ እንዲያቅድ የሚመክረው ይኸው ጥናት ነው። የካርቦን ልቀት ስሌትም በዓለም አቀፉ መመሪያ መሠረት ከመጠነ ቁስ ተነሥቶ ወደ ሙቀት ኃይል የሚሄድ ነው።

ስለሆነም የምርምር አማካሪዎችና ፈታኞች ሦስት ነገሮችን ሊጠይቁ ይገባል፦ የነዳጁ ሙቀት፣ በዚያ ሙቀት የተለካ እፍግታና በኪሎግራም በሰዓት የተገለጸ ፍሰት። ሊትሩ ለገዢው ስለሚጠቅም ከጎን ይቀመጥ፤ ንጽጽሩና መደምደሚያው ግን በኪሎግራም ይሁን።